ለቀብር የሚደርስ፣ ለሕመም የሚዘገይ፦ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ ባሉ ከተሞች የቀድሞ ወታደሮች በማኅበር ተሰባስበው ይኖራሉ። ከመካከላቸው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን የዘመቱ አሉ፤ ናቅፋ ተራራ ላይ ዓመታት የቆጠሩ፣ በ1982 ዓ.ም. ከምጽዋ የተረፉ፣ በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው የባድመ ጦርነት እግራቸውን ያጡም አሉ። የኦጋዴኑ ዘማች ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ካልሆነም ሊሞላው ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ሲያርፍ ጥሩንባው ተነፍቶ ሳያበቃ ሁሉም ይደርሳል፤ በክራንች የሚሄደውም አይቀርም። ሣጥኑ ሰንደቅ ዓላማ ይለብሳል፣ ሰልፉ ይስተካከላል፣ ፈካሪው ይነሣል። ሟቹ ከዚያ በፊት ወራት አልጋ ላይ ሲከርም የጠየቀው ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በነርስነት ሥራዬ ከእነዚህ አባቶች ጋር ብዙ ውያለሁና ጠቤ ከዚህ ጋር ነው፦ በሰዓቱ የሚሰለፍ፣ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ጓዱን የማይጥል ሰው ተሰብስቦ ሳለ ይህ ሁሉ ሥርዓት ለቀብር ብቻ ይውላል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያ የሚመዘዙ ናቸው።

መዋጮውን ሁሉ ለድንኳን ማስቀመጥ

ወርኃዊው መዋጮ ለድንኳን፣ ለንፍሮ፣ ለሣጥን ይሄዳል። ይህን አልነቅፍም፤ ያለ ወግ መቀበርን የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፣ ሠራዊቱ የተበተነበት ወታደር ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይፈራል። ችግሩ ለሕያው አባል የተቀመጠ ሳንቲም አለመኖሩ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ያለ ጡረታ የቀሩ ብዙዎች ናቸው፤ በዘበኝነት፣ በቀን ሥራ፣ ሲደክማቸውም በልጅ እጅ ይኖራሉ። እንዲህ ላለው ሰው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ትልቅ መከታ ነበር። ሆኖም ደብተሩ በየዓመቱ ካልታደሰ አያገለግልም፤ ጊዜው ማለፉ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሽተኛው ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ገንዘብ ያዡ የእድሳቱን ጊዜ እንደ ዝክር ቀን ይያዘው፤ መክፈል ላቃተው አባል ከማኅበሩ ገንዘብ ይሸፈንለት። መድህኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ወረቀት ሲኬድ መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር በቀጥታ ሆስፒታል የገባ ሰው ከኪሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል።

የደም ግፊትን በወሬ መሃል መለካት

በስብሰባ ቀን ግፊት የሚያስለኩ ማኅበራት አሉ፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። አለካኩ ግን ያስቃል። አባሉ ዳገቱን ወጥቶ እያለከለከ ይደርሳል። ከቡናው ላይ ተነሥቶ፣ ጋቢውን ሳያወልቅ የኮቱን እጅጌ ሰብስቦ ክንዱን ይዘረጋል። ጎረቤቱ ስለ አፍአበት ውጊያ ያወራዋል፣ እሱም «ኧረ እንደሱ አልነበረም» እያለ ይመልሳል፣ መሣሪያው በዚህ መካከል ይነፋል። የወጣው ቁጥር የዳገቱ፣ የቡናውና የአፍአበት ድምር ነው።

ሊለካ የመጣ ሰው ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን ሳያጣምር፣ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ። ማሰሪያው በራቁት ክንድ ላይ ይታሰር፤ ክንዱ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም አይጠጣ፤ ሽንት የያዘውም አስቀድሞ ወጥቶ ይምጣ። ሁለት ጊዜ ለክቶ፣ በሌላ ቀንም ደግሞ፣ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። 180 በ120 የደረሰና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ወገን መዛል ያለበት ሰው ግን ለነገ አይባልም።

ቁጥሩን በአደባባይ መጥራትም ይቅር። «ሻምበል፣ መቶ ዘጠና!» ተብሎ የተጮኸበት ሻምበል በሚቀጥለው ወር አይመጣም።

ከመለኪያው የባሰው መድኃኒቱ ላይ የሚሠራው ነው። «ወርዶልኛል» ብሎ ክኒኑን የሚያቆም አለ፤ የወረደው በክኒኑ ነበር። «ያንተም ግፊት የኔም ግፊት» ተባብሎ አንዱ የሌላውን የሚውጥም አለ። ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ደረቅ ሳል ሲይዘው ብርድ ነው እያለ ዝንጅብል ሲያፈላ ይከርማል፤ ያ ሳል ከመድኃኒቱ ሊመጣ እንደሚችል፣ ሐኪሙ በሌላ ሊቀይርለት እንደሚችልም የነገረው የለም። (ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም አይረሳ።) ጨውንም ልጨምር፦ በገጠር ቡናን በጨው የሚጠጣ ሰው «እኔ ጨው አልወድም» ሲለኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ይጨንቀኛል።

የስኳር መድኃኒት ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። አንድ የስኳር ሕመምተኛ ጠዋት ግሊቤንክላሚድ ውጦ ወይም ኢንሱሊን ተወግቶ ቅዳሴ ይገባል፤ እህል የሚቀምሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ረፋዱ ላይ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይምታታል። አንዳንዱ «ጠጥቶ መጣ» ይለዋል፣ ሌላው «ለክፎት ነው» ብሎ ጠበል ይረጨዋል። ስኳሩ ወርዶ ነው። መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ወይም ማር፣ ወይም ለስላሳ መጠጥ ይሰጠው፤ ከዚያም ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይጨመርበት፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ከጎኑ የሚቆመው ጓድ ይህን ሊያውቅ ግድ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን የምታቀልበት ሥርዓት አላት፤ የንስሐ አባት የሚጠየቁት ለዚህ ነው። ሐኪምም የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ሊያስተካክል ይችላል። ሁለቱን ሳያማክሩ በራስ ወስኖ መጾምን ጀግንነት የሚያደርገው ግን የማኅበሩ ወሬ ነው፤ «እኛ ሳህል በረሃ ስንት ቀን ሳንበላ ውለናል» የሚሉት ነገር። ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበሩ። ጠበሉም እንዲሁ ነው፦ ተጠመቁ፣ ጠጡ፤ ክኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ።

ሕመምን በዲክሎ ማባበል

አሮጌ ቁስል ክረምት ሲገባ ይነሣል። ወገቡ ላይ ፍንጣሪ የቀረበት፣ ጉልበቱ የተሰበረበት ሰው ሐምሌና ነሐሴን ዲክሎ በሚሉት የሕመም ማስታገሻ፣ በዲክሎፌናክ ነው የሚሻገረው፤ መድኃኒት ቤት ገብቶ «ያችን የተለመደችዋን» ይላል፣ ያለ ማዘዣ ይሰጠዋል። ዲክሎፌናክ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራን ያቆስላል፣ ዘወትር ሲወሰድ ኩላሊትን ይጎዳል። ግፊት ላለበት አዛውንት በላዩ ላይ ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያሸና ክኒን ሲደረብበት ኩላሊቱ በሦስት ወገን ተከበበ ማለት ነው። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረበት ሰው ጨጓራው ሊደማ ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። ለመገጣጠሚያ ሕመም በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ፣ በየቀኑ የሚደረግ ቀላል እንቅስቃሴ፣ በልክ የተወሰደ ፓራሲታሞል ቀስ ብለው ይሠራሉ። ቀስ ብለው መሥራታቸው ነው ተጠቃሚ ያሳጣቸው።

ሰው ሠራሽ እግርን ብየዳ ቤት መውሰድ

ማታ ማታ እግሩን የሚፈታ ሰው ቤት ብትገቡ የምታዩት ይህ ነው፦ ማሰሪያው ላልቷል፣ በሰው ሠራሹ እግር አፍ ዙሪያ ጨርቅ ተጠቅጥቋል፣ ካልሲው ከላብ የተነሣ ደርቆ ቆርቆሮ ሆኗል። ከተቆረጠው እግር የቀረው ክፍል፣ ማለትም ቅሪቱ፣ ጫፍ ላይ ቀይ ክብ ምልክት አለ፤ ያ ምልክት አየር እያገኘ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ነገ ቁስል ነው። ሰውነት ሲከሳም ሲወፍርም ቅሪቱ ቅርጹን ስለሚለውጥ ከዓመታት በፊት የተሠራ እግር ዛሬ ልክ አይሆንም። ጨርቅ መጠቅጠቅ ጫናውን ወደ ሌላ ቦታ ከማዛወር በቀር ጥቅም የለውም፤ ብየዳ ቤት ወስዶ ማስቆረጥ ደግሞ አካሄዱን አዛብቶ ደኅነኛውን ጉልበትና ወገብ ያፈርሳል። ባሕር ዳር የአካል ጉዳተኞች ማገገሚያ ማዕከል አለ፤ እግር የሚሠራውም የሚጠገነውም እዚያ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የትራንስፖርቱንና የማደሪያውን ወጪ ስለማይችል ነው የሚቀረው፤ ማኅበሩ ሦስት አራት ሰው አንድ ላይ ቢልክ ጉዞው ይቀላል።

ቅሪቱን ማታ ማታ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ማድረቅ፤ ጠዋት ከታጠቡ ቆዳው እርጥበት ይዞ ሳለ ስለሚጠልቅ ቶሎ ይላላጣል። የኋላውን በትንሽ መስታወት ማየት። የቀረውን እግርም መጠበቅ ያሻል፦ ስኳር ያለበት ሰው ያለ ካልሲ በኮንጎ ወይም በበረባሶ ሲሄድ ውሎ ቢቆስል ላይሰማው ይችላል። በባዶ እግር ማረስም በቀዩ የጎጃም አፈር ላይ ለዝሆኔ ያጋልጣል።

የሌለው እግሩ ሲያሳክከው ወይም ሲያመው ደግሞ አብዷል አትበሉት። ነርቩና አእምሮው አካሉን ገና አልረሱትም፤ የታወቀ ሕመም ነው፣ የሚረዳ መድኃኒትም አለው።

ሌሊቱን ለአረቄ መተው

እዚህ ላይ ማኅበራቱ ዝም ይላሉ። ቀን ላይ የሚፎክረው ሰው ሌሊት ይጮኻል፤ ሚስቱ ከመደቡ ወርዳ ምድጃው አጠገብ መተኛት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፣ አንድ ቀን በእንቅልፍ ልቡ መትቷታልና። ደመራ ላይ ርችት ሲተኮስ ግድግዳ ይይዛል። በጎጃም ለሠርግም ለቀብርም ጥይት ይተኮሳል፤ ማኅበሩ ራሱ ለክብር ሲያስተኩስ ከሰልፉ ጫፍ ላይ ፊቱ የሚገረጣውን አባል ማንም አያይም። ተኩሱን ተዉ ብል እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። ቢያንስ መቼ እንደሚተኮስ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ መራቅ የሚፈልገውም እንደ ፈሪ ሳይታይ ይራቅ። በቅዠት የሚጮኸውን ሰው ነቅንቆ መቀስቀስ አደጋ አለው፤ ራቅ ብሎ ከግርጌው በኩል በስሙ መጥራት ይሻላል።

አረቄ እንቅልፍ ያመጣል፤ እውነት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ይቀሰቅሳል፣ ቅዠቱንም ያብሳል። የዝክሩ ቀን ጠላው ካለቀ በኋላ የዳጉሳ አረቄ የሚያስመጣ ማኅበር እንቅልፍ ላጣው አባሉ ምን እያደረገለት እንደሆነ ያስብ።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተት ደግሞ ይገድላል። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው «ተገዝቻለሁ» ብሎ በአንድ ቀን ሲያቆም ሁሉም ያመሰግነዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ሊጥለውም ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ግዝቱን ከመያዙ በፊት ሐኪም ይየው፤ የሚቆመው በመድኃኒት እየታገዘ ነው።

መኖር የታከተው፣ ከብቱንና ዕቃውን ለሰው መስጠት የጀመረ፣ «ከእንግዲህ አታዩኝም» የሚል አባል ካለ ንግግሩን እንደ ቀልድ አትለፉት። በቀጥታ «ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ያቀልለታል እንጂ። ጎጃም ውስጥ የሰው መሣሪያ ክብሩ ነውና በኃይል ልቀማ ማለት ነገሩን ያበላሻል። የሚያምነው ጓዱ ሄዶ «ሃምሳ አለቃ፣ እስኪሻልህ እኔ ጋ በአደራ ይቀመጥ» ቢለው ግን ይሰጣል። በዚያ ሳምንት ብቻውን አይደር፤ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታልም ሰው ይዞት ይሂድ።

ጥቃቅን የሚመስሉ

መድፈኛ የነበረው አባል ጆሮው አይሰማም። ከኋላ አስቀምጣችሁት ነው «አይሳተፍም» የምትሉት፤ ፊት ለፊት አስቀምጡትና አፋችሁን እያየ ይስማ። ታንቡሩ የተቀደደ ጆሮ ውስጥ ዘይት ማንጠባጠብ ይቅር። ሌሊት አምስት ጊዜ ለሽንት የሚነሣ አዛውንት ፕሮስቴቱ ይታይለት፤ ሽንቱ ጨርሶ እስኪዘጋ የሚጠብቀው አፍሮ ነው። ሰውነቱ ውስጥ ፍንጣሪ ያለበት ሰው፣ በተለይ ዓይኑ አካባቢ ከሆነ፣ ኤምአርአይ የሚባለውን በማግኔት የሚሠራ ምርመራ ከመነሣቱ በፊት ይናገር፤ መሣሪያው ብረቱን ሊስበው ይችላል። ሚስቶቹም አሉ፦ እግር የሚያጥቡት፣ ሌሊት የሚነቁት እነርሱ ሆነው በስብሰባው ላይ ቡና አፍልተው ይወጣሉ። ስለ መድኃኒት በሚወራበት ሰዓት ይቀመጡ።

መዝገቡን ለስምና ለመዋጮ ብቻ መያዝ

ጸሐፊው ደብተር ላይ ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ የሚወስደውን መድኃኒትና መጠኑን፣ የማይስማማውን መድኃኒት፣ ፍንጣሪ ያለበትን ቦታ፣ የመድህን እድሳቱን ቀን፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠራውን ሰው ይጻፍ፤ አባሉ ከፈቀደ ብቻ። ደብተሩ ይቆለፍበት፣ በስብሰባም አይነበብ። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ መድኃኒት የሚያልቅበት ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ነው፤ ስለዚህ የቀረው ክኒን ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ሲሆን አባሉ ለጸሐፊው ይንገር፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰውም የሁሉንም ቀጠሮ ካርድ ይዞ ይሂድ። ኢንሱሊን የሚወጉት ማቀዝቀዣ ከሌላቸው ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልለው፣ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ያኑሩት።