ሰው ላይ ስም ከመለጠፋችን በፊት ፆታውን ገልብጦ ማየት፦ እንዴት እንደሚሰራ

እስቲ ቀላሉን እንሞክር። የሆነ ሰው ባደረገው ነገር ልትፈርዱ ስትሉ ድርጊቱን እንዳለ ተዉትና ፆታውን ብቻ ገልብጡት። ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ መታ አድርጎ «ይሄ አይሆንም» ያለ ወንድ ቆራጥ ነው ይባላል፣ ያንኑ ነገር በዛው ድምፅ ያለች ሴት ግን «ዛሬ ደሞ ምን ሆና ነው?» ይባልባታል። ልጁን አቅፎ ሲያስተኛ የታየ አባት ጎበዝ ተብሎ ይወደሳል፣ እናትየው በየቀኑ ስታስተኛ ዞሮ የሚያያት የለም፣ የምትታየው አንድ ቀን የቀረች እለት ነው። ከሶስት ሴት ጋር የሚወጣ ወንድ ይሳቅለታል፣ ከሶስት ወንድ ጋር የምትወጣዋን ምን እንደሚሏት እዚህ መፃፍ አያስፈልገኝም። ስትገለብጡት ፍርዳችሁ ከተቀየረ ቀድሞውንም ስትፈርዱ የነበረው ድርጊቱ ላይ አልነበረም ማለት ነው፣ ዘዴው በቃ ይሄው ነው።

ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፣ ፍርዱ ከቃላችን ቀድሞ አይናችን ላይ ነው የሚጀምረው። በፈረንጆቹ 1976 ላይ (ከዚህ በኋላ ያሉት አመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ኮንድሪ እና ኮንድሪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች የአንድ ሕፃን ቪዲዮ አሳዩ፣ ከሳጥን ውስጥ ድንገት ብቅ የሚል አሻንጉሊት ሲያይ የሚያለቅስ ሕፃን ነው። ሕፃኑ ወንድ ነው ተብሎ የተነገራቸው ሰዎች ልጁ ተናደደ ወደሚለው አዘነበሉ፣ ሴት ናት ተብሎ የተነገራቸው ደግሞ ፈራች ወደሚለው። ቪዲዮው ያው አንድ ቪዲዮ ነው እኮ! ስለዚህ መገልበጥ ያለባችሁ ፍርዱን ብቻ ሳይሆን «አየሁ» ያላችሁትንም ነው። «ተናደደ» ግምት ነው፣ «ፈራች»ም ግምት ነው፣ ያያችሁት ማልቀስ ነው። መጀመሪያ ያያችሁትን ብቻ በደረቁ ተናገሩት፣ ከዛ ነው ግልበጣው የሚሰራው።

ሌላው ደግሞ ግልበጣው ሁለቱም ጋ እኩል አይመዝንም። ሱሪ የለበሰች ሴት ዛሬ ብዙ ቦታ ማንም አያያትም፣ ቀሚስ የለበሰ ወንድ ግን መንገድ ያስቆማል። ሱሪውም ቢሆን በነፃ አልመጣም፣ ፓሪስ ውስጥ 1800 ላይ ሴት እንደ ወንድ መልበስ ከፈለገች የፖሊስ ፈቃድ እንድታወጣ የሚል ደንብ ወጥቶ ነበር፣ በይፋ ያበቃለት 2013 ላይ ነው። አሁን ግን ወንዳወንድ የምትባል ልጅ ግፋ ቢል «ስታድግ ይተዋታል» ትባላለች፣ ሴታሴት የተባለ ልጅ ግን ይደበደባል። ለምን ቢባል፣ እኔ እንደሚገባኝ ሴት የወንድን ነገር ስትይዝ ወደ ላይ እንደወጣች ይቆጠራል፣ ወንድ የሴትን ሲይዝ ደግሞ እንደወረደ። ወንዱ ላይ የሚወርደው ስድብ ዞሮ ዞሮ ሴትነትን ነው የሚሰድበው፣ ይሄን ካልያዛችሁ የሚቀጥለው ሁሉ አይገባችሁም።

«ተፈጥሮ ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ ደሞ ከመቼ ጀምሮ ብላችሁ ጠይቁት። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ የፋርስ ፈረሰኞች ነበር፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም በቀይ ተረከዝ ነበር የሚታየው። ሮዝ ቀለም 1918 ላይ አንድ የአሜሪካ የልጆች ልብስ ነጋዴዎች መፅሔት ለወንድ ልጅ ነው የሚስማማው ብሎ ፅፏል፣ ሰማያዊው ለሴት። 1946 ይፋ የሆነውን ኤኒያክ የተባለውን ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ናቸው፣ ያኔ ስራው እንደ ፀሀፊነት ይታይ ስለነበር ማንም «የወንድ ጭንቅላት ይፈልጋል» አላለም።

እሺ አሁን ዋናው ጋ እንምጣ። ሰው ስለሌላው ሰው ፆታዊ ዝንባሌ፣ ማለትም ማን እንደሚማርከው፣ የሚገምተው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ የሚዛን መዛባት ነው። ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ልብሱን የሚያሳምር፣ ኳስ የማይወድ፣ ሴት ጓደኛ የሌለው ወንድ ከሆነ ወዲያው «ይሄ ልጅ ጌይ ነው እንዴ?» ይባላል። ሴቷ ላይ ደግሞ ፀጉሯን ካሳጠረች ወይ ካላገባች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዱን ወንድ እምቢ ካለችው «ሌዝቢያን ናት» ይመጣል (እምቢ የተባለው ሰውዬ ራሱ ነው ብዙ ጊዜ ወሬውን የሚጀምረው፣ ልብ በሉ)። ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ቢሄዱ፣ አንድ አልጋ ላይ ቢተኙ ማንም ምንም አይልም። ሁለት ወንዶች ሲሆኑ ግን እንደ አገሩ ነው፣ አንዱ አገር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ጓደኝነት ነው፣ ሌላው አገር ለወሬ በቂ ነው። ያው ሁለት እጅ ነው እኮ፣ የተለየው የሚያየው ሰው ነው።

በዚህ ላይ እውነት ሆኖ ሲገኝ እንኳን ሚዛኑ አይስተካከልም። ሴት ሴትን እንደምትወድ ስትናገር «ትክክለኛው ወንድ ስላልገጠማት ነው» ትባላለች፣ ወይ ደግሞ ወንዶች እንዲያዩት የተሰራ ትርኢት ያስመስሉታል። ወንድ ከሆነ ግን ከአስር አመት በፊት የሆነች አንዲት ነገር እድሜ ልኩን ስም ለማስለጠፍ ትበቃለች። ሁለቱም ፆታ የሚማርካቸው ሰዎች ጋ ደሞ ይብሳል፣ ሴቷ «እየሞከረች ነው» ትባላለች ወንዱ «እየደበቀ ነው» ይባላል፣ እንዳለ የሚቀበላቸው የለም። በተቃራኒው ጡንቻው ፈርጠም ያለ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰውዬ ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም፣ ይሄም ያው ግምት ነው።

ስለዚህ ሶስት ነገሮችን ለያይታችሁ ያዙ፣ ሰው የሚለብሰውና የሚንቀሳቀስበት መንገድ አንድ ነው፣ ራሱን ወንድ ወይ ሴት ወይ ሌላ አድርጎ የሚያውቅበት ሌላ ነው፣ ማን ይማርከዋል የሚለው ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ተነስታችሁ ሶስተኛውን ለማወቅ ስትሞክሩ ነው የምትስቱት።

«እኔ ግን ሳየው አውቃለሁ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ሂሳቡን ስሩለት። ለምሳሌ ያህል 100 ሰው አለ እንበል፣ ከነሱ 5ቱ ተመሳሳይ ፆታ የሚማርካቸው ናቸው እንበል፣ ጓደኛችሁ ደግሞ ከ100 ግምት 80ው ልክ የሚሆንለት ሰው ነው እንበል፣ ይሄ በጣም ለጋስ ሆነን ነው። ከ5ቱ 4ቱን ያገኛል። ከቀሩት 95 ሰዎች ግን 20 ፐርሰንቱን ስቶ ሳይሆኑ «ናቸው» ይላል፣ 19 ሰው ማለት ነው። በድምሩ 23 ሰው ላይ ጣቱን ቀሰረ፣ ልክ የሆነው 4ቱ ላይ ነው። ከስድስት ግምቱ አምስቱ ገደማ ውሸት ሆነ ማለት ነው፣ ጎበዝ ገማች ሆኖ እንኳን!

ልክ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በተመሳሳይ ፆታ መማረክ የዓለም ጤና ድርጅት 1990 ላይ ከበሽታ ዝርዝሩ ያወጣው ነገር ነው፣ ግን የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ዛሬም ከ60 በላይ አገሮች ውስጥ ወንጀል ነው፣ አንዳንዶቹ ጋ እስከ ሞት ያስቀጣል። ሕግ የማይከለክልበት አገርም ቢሆን ስራ፣ ቤት ኪራይ፣ ቤተሰብ ሊያሳጣ ይችላል። ቻት ላይ ለሳቅ ብላችሁ የወረወራችኋት አንድ መስመር ማን ጋ ስክሪንሾት ሆና እንደምትደርስ አታውቁም።

ግሩፕ ላይ እንደዚህ አይነት ወሬ ሲመጣ ሌክቸር አትስጡ፣ ማንም አይሰማችሁም። «እንዴት አወቅክ?» ብቻ በሉ፣ ሳትቆጡ፣ የምር ማወቅ እንደፈለገ ሰው። መልሱ «ያስታውቃል» ነው የሚሆነው፣ «ምኑ?» በሉ። «ሲራመድ» ይላችኋል፣ «እና?» በሉ። ሶስተኛው ላይ አብዛኛው ሰው ራሱ ያፍርበታል ወይ ርዕስ ይቀይራል፣ ሁለቱም ይበቃችኋል። ቀልድ ከሆነ ደሞ «አልገባኝም አስረዳኝ» ማለት ነው፣ ሲብራራ የሚያስቅ የዚህ አይነት ቀልድ እስካሁን አልሰማሁም።

ልጆች ካሏችሁ ወንዱ ሲያለቅስ «እንደ ሴት አታልቅስ» የምትለዋን አውጧት፣ አጠገቡ የቆመችው እህቱም እየሰማች ነው። «ምን ሆነህ ነው?» በቂ ነው። መጫወቻ ላይ ብዙ አትጨነቁ፣ የወደደውን ይያዝ።

ወሬው ስለናንተ ከሆነስ? «ኧረ እኔ! ምን በወጣኝ!» ብሎ መጮህ ያጓጓል፣ ግን ጩኸቱ ነገርየውን ነውር መሆኑን ነው የሚያፀድቀው፣ ወሬውንም ያጋግለዋል። «ለምን ፈለግከው?» ብሎ ማለፍ ይሻላል። አደጋ ካለ ግን፣ ቤት የሚያስባርር፣ የሚያስደበድብ፣ የሚያሳስር ከሆነ ካዱ፣ ዋሹ፣ ማንም እውነቱን እንድትነግሩት አልፈረማችሁለትም።

አንድ ሰው ራሱ ደፍሮ ከነገራችሁ «አውቄ ነበር» አትበሉ፣ «አትመስልም»ም አትበሉ፣ ሁለቱም ያው ከላይ ያየነው ግምት ናቸው። አመስግኑትና «ሌላ ማን ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ለሀሜት ሳይሆን ሳታስቡት የማያውቅ ሰው ፊት እንዳያመልጣችሁ። ለትዳር አጋራችሁም ቢሆን ሳይፈቅድ አትንገሩ።

ወሬውን ቀድማችሁ አሰራጭታችሁ ከሆነ ሰውየው ጋ ሄዳችሁ ይቅርታ አትጠይቁ፣ ቢያንስ እስካሁን ካልሰማ፣ የናንተን ፀፀት እሱ እንዲሸከም ነው የምታደርጉት። የነገራችኋቸው ሰዎች ጋ ተመለሱ፣ እዛው ግሩፕ ላይ፣ «ያኔ ያልኩት ምንም ሳላውቅ ነው፣ እንዳትደግሙት» በሉ፣ አታስረዝሙት፣ ከዛ የላካችሁትን ሜሴጅ ለሁሉም አጥፉት።