የተጎታች ካራቫን ፍሬንና የጎማ ኩሽኔታ በራስ እጅ እንዴት ይሰራል?

መኪና ሲታመም ይናገራል። ፍሬኑ ሲላላ እግራችን ያውቀዋል፤ ኩሽኔታው ሲበላ ይጮኻል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። ከኋላ የምንጎትተው ካራቫን ግን እንዲህ አይደለም። ኩሽኔታው ቢግልም ቢፈጭም ድምፁ ሹፌሩ ጋ አይደርስም። ብዙ ሰው ችግሩን የሚያውቀው ከኋላው ያለ መኪና ጥሩምባ ሲነፋለት ነው፤ ሲብስ ደግሞ ጎማው ከነታምቡሩ ተነቅሎ ሲሄድ በመስታወት ሲያይ። ስለዚህ ካራቫኑን ሄደን መጠየቅ ያለብን እኛ ነን።

የተለመደው ልክ በዓመት አንዴ ወይም በየ20 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መክፈት ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይያዛል። «እኔ እኮ በዓመት 3 ሺህም አልነዳ» ብላችሁ አትዘናጉ። ቆሞ መክረምም ኩሽኔታ ይገድላል። በጉዞ የጋለ ታምቡር ሲቀዘቅዝ ከውጭ እርጥበት ይስባል። ያ እርጥበት ከግራሶው ጋር ወራት ሲቀመጥ ሮለሮቹ ባረፉበት መስመር ላይ ዝገት ይጀምራል።

እዚህ የማሳያችሁ በብዛት የሚገኘውን ዓይነት ነው፦ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ የታምቡር ፍሬንና በየጎማው ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታ ያለው አክስል። መኪናው ሲቆም ካራቫኑ ወደፊት በሚገፋው ጉልበት የሚሠራ ፍሬንም አለ፤ የእሱ አስተካከል ይለያል። ኩሽኔታው ታሽጎ የመጣ ከሆነ ደግሞ አይከፈትም፣ ግራሶም አይጨመርበትም፤ ሲበላ ይለወጣል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ የአክስሉ መመሪያ ይነግራችኋል። መመሪያው የሚለው ቁጥር ከእኔ ከተለየ መመሪያውን ያዙ።

ዝግጅት

ክሪክ፣ ጠንካራ የብረት ማቆሚያ፣ ታኮ፣ የጎማ መፍቻ፣ ቶርክ መፍቻ (የሚያጠብቅበትን ጉልበት የሚለካ)፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ መዶሻ፣ ላምባ፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ጨርቅ፣ ጓንትና ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያስፈልጋሉ። ለየጎማው አዲስ ኦይል ሲል (ግራሶው ወደ ፍሬኑ እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት) እና አዲስ የዳዶ መቆለፊያ ሽቦ ግዙ። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ አሮጌውን መመለስ አያዋጣም። ግራሶው ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችልና የውፍረት ቁጥሩ 2 የሆነ ይሁን።

1. ማንሳት

ካራቫኑን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ አቁሙ። የማይነሳውን ወገን ጎማ ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ። ጎማው መሬት ላይ እያለ ብሎኖቹን ትንሽ አላሉ፤ ከዚያ አንሱ። ክሪኩን አምራቹ ባመለከተው ቦታ ላይ እንጂ በአክስሉ ቱቦ መሐል አታድርጉ፤ ቱቦው ሊጎብጥ ይችላል። ከተነሳ በኋላ ክብደቱ ማቆሚያው ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ የቆመ ካራቫን ሥር እጅም እግርም አይገባም።

ጎማውን ከመፍታታችሁ በፊት ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከዚያ በእጅ አሽከርክሩትና አዳምጡ። የሚያጓራ ወይም የሚያንገጫግጭ ስሜት ካለ ኩሽኔታው እየነገራችሁ ነው።

2. ታምቡሩን ማውጣት

ጎማው ከወጣ በኋላ መሐል ላይ ያለውን ቆብ ዙሪያውን በካቻቪቴና በመዶሻ ቀስ እያላችሁ አስለቅቁ። የዳዶውን መቆለፊያ ሽቦ አቅንታችሁ አውጡ፤ ዳዶውንና ሮንዴላውን ፍቱ። ታምቡሩን ስትስቡ አውራ ጣታችሁን መሐሉ ላይ አድርጉ። የውጩ ትንሹ ኩሽኔታ ተንሸራቶ ይወድቃል፤ አሸዋ ላይ ከወደቀ እንደገና ማጠብ ነው።

ታምቡሩ እምቢ ካለ በመዶሻ አትደብድቡት። የፍሬኑ ሸራ ታምቡሩን በልቶ ከንፈር አውጥቶ ይሆናል። ከጀርባ ባለው ቀዳዳ ገብታችሁ የፍሬኑን ማስተካከያ (ቁጥር 7 ላይ አለ) አላሉለት፤ ይወጣል።

የግራውን ከቀኙ፣ የውስጡን ከውጩ አትቀላቅሉ። እያንዳንዱ ኩሽኔታ ሮለሮቹ ከሚዞሩበት ከገዛ ቀለበቱ ጋር ተላምዶ ነው የኖረው። እኔ ለየጎማው ለየብቻ ሳህን አዘጋጃለሁ።

የፍሬኑን አቧራ በአየር አታንፉ። በተለይ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ለሳንባ አደገኛ ነው። በስፕሬይ አርጥባችሁ በጨርቅ ሰብስቡት።

3. ኩሽኔታውን ማየት

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይሄ ነው። ኦይል ሲሉን አውጥታችሁ ጣሉ። ኩሽኔታዎቹን በላምባ እጠቡና በደንብ አድርቁ። በአየር የምታደርቁ ከሆነ በአየሩ አታሽከርክሩት፤ ያለ ግራሶ በፍጥነት የዞረ ኩሽኔታ ሊበተንና ሮለሩ እንደ ጥይት ሊወረወር ይችላል።

አሁን ብርሃን ወዳለበት ውሰዱት። ሮለሮቹን አንድ በአንድ በጣት እያዞራችሁ እዩ። ጤነኛው እንደ መስታወት ለስላሳና አንድ ዓይነት መልክ ያለው ነው። ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቡኒ ያደላ ቀለም ካያችሁ ግሎ ነበር ማለት ነው። ጥቃቅን ጉድጓድ ካለ ብረቱ መላላጥ ጀምሯል። በሮለሮቹ ልክ ተራርቆ የተሰመረ ጥቁር መስመር የውኃ ሥራ ነው። ታምቡሩ ውስጥ የቀረውን ቀለበትም ጥፍራችሁን እየጎተታችሁ ፈትሹት። ዓይን ያላየውን ጥፍር ያገኘዋል፤ ጥፍር ከያዘ ያ ቀለበት አብቅቷል።

አንዱ ከተበላ ኩሽኔታውም ቀለበቱም አብረው ይለወጣሉ። አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ቁጥሩ ብረቱ ላይ ስለተቀረጸ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።

4. ታምቡሩ ክፍት እያለ ፍሬኑን ማየት

የፍሬን ሸራው ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከደረሰ አልቋል። ግራሶ የነካው ሸራ ደግሞ ውፍረት ቢኖረውም ይለወጣል፤ ታጥቦ አይድንም። ስትለውጡ በአንድ አክስል ላይ ያሉትን የሁለቱንም ወገን አብራችሁ ለውጡ። ካልሆነ ካራቫኑ ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል። በብዙዎቹ ላይ አጭር ሸራ ያለው ወደ ፊት፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ነው የሚገባው። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የሞላዎቹን አቀማመጥ ማስታወስ ከባድ ነው።

ማግኔቱ ታች ያለው ክብ ወይም ሞላላ ቁራጭ ነው። ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ ነገር አስተኙበት፤ ብርሃን ካሳለፈ ወይም በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ይለወጥ። የውስጡ ሽቦ ጥቅል ብቅ ካለማ ጥያቄ የለውም። ባለ 10ና ባለ 12 ኢንች የሆኑት በብዛት በቴስተር 3.2 ኦም አካባቢ ያሳያሉ። ዜሮ ካሳየ ውስጡ ተነካክቷል፤ ምንም ካላሳየ ሽቦው ተቆርጧል። ማግኔቱ የሚሳብበትን የታምቡሩን ጠፍጣፋ ፊትም አትርሱ፤ የጠለቀ ክርክር ካለው ለቶርኖ ባለሙያ ይታይ።

5. ግራሶ ማስገባት

አንዳንድ አክስል ጫፉ ላይ የግራሶ መሙያ ጡት አለው። እኔም ይሄ ካለማ መክፈት ለምን ያስፈልጋል ብዬ ሁለት ዓመት በፓምፕ ብቻ ሞላሁ። በሦስተኛው ዓመት ቁልቁለት ላይ ካራቫኑ መኪናዬን እየገፋ መጣ። ስከፍተው በሁለት ጎማ ላይ ያለው ሸራ በግራሶ ርሶ ነበር። በችኮላ ስገፋው የነበረው ግራሶ ኦይል ሲሉን አልፎ ፍሬኑ ውስጥ ገብቷል። የግራሶ ጡት ያላችሁ፣ ጎማውን እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። እንደዚያም ሆኖ በዓመት አንዴ መክፈት አይቀርም፤ ጡቱ ብረቱ ሲላላጥ አያሳያችሁም።

በእጅ ሲሞላ እንዲህ ነው። መዳፋችሁ ላይ የእንቁላል አስኳል የሚያህል ግራሶ አድርጉ። የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ መዳፋችሁ ላይ ወደ ታች እየተጫናችሁ ወደ ራሳችሁ ጥረጉት። ግራሶው በሮለሮቹ መሐል ገብቶ በጠባቡ ጠርዝ በኩል እንደ ትንንሽ ትል ብቅ እስኪል ድረስ አንዱን ቦታ ደጋግሙ። ከዚያ ትንሽ አዙራችሁ ቀጥሉ። ላይ ላዩን መቀባት ሞላ ማለት አይደለም። አሮጌ ግራሶ ሙሉ በሙሉ ካልታጠበ ሌላ ዓይነት አትቀላቅሉበት፤ አንዳንዶቹ ሲደባለቁ ይቀጥናሉ።

ቀለበቶቹንም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የውስጡን ትልቁን ኩሽኔታ አስገቡ፣ አዲሱን ኦይል ሲል ጣውላ አስደግፋችሁ ዙሪያውን እኩል እየመታችሁ አስገቡት። ከንፈሩን ትንሽ ግራሶ አስነኩት።

6. መግጠምና ማጥበቅ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ጠበቅ ያለ ይሻላል» የሚባለው አስተሳሰብ ኩሽኔታ ያቃጥላል። ታምቡሩን፣ የውጩን ኩሽኔታ፣ ሮንዴላውንና ዳዶውን ከገጠማችሁ በኋላ፣ ታምቡሩን በእጃችሁ እያዞራችሁ ዳዶውን እስከ 68 ኒውተን ሜትር ድረስ አጥብቁ። ይሄ ሁሉንም በቦታው ለማስቀመጥ ነው። አሁን ታምቡሩን ሳታዞሩ ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አላሉት። ቀጥሎ በጣት ብቻ እስኪይዝ አጥብቁ። ቀዳዳው ካልገጠመ ወደ ኋላ እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ ድረስ አላልታችሁ አዲሱን መቆለፊያ ሽቦ አስገቡና እጠፉት። ዳዶው በሽቦው ብቻ ተይዞ ትንሽ መንቀሳቀስ መቻል አለበት። ላልቷል ብላችሁ አትፍሩ፤ ልኩ ነው።

7. ፍሬኑን ማስጠጋት

ጎማውን ግጠሙ። ከታምቡሩ ጀርባ የላስቲክ መክደኛ ያለው ቀዳዳ አለ፤ በእሱ በኩል ጥርስ ያለውን ማስተካከያ በካቻቪቴ አዙሩ። ጎማው በእጅ ለማዞር እስኪከብድ አስጠጉ፤ ከዚያ በነፃነት ዞሮ በጣም ስስ መነካካት ብቻ እስኪሰማ መልሱ። መክደኛውን መልሱት፣ ውኃ እንዳይገባ። አዲስ ሸራ ከሆነ ከመጀመሪያው 300 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያም በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ድገሙት። ራሱን የሚያስተካክል ፍሬን ይሄን አይፈልግም።

8. የኤሌክትሪኩ ሙከራ

ካራቫኑ ከመኪናው ተለያይቶ ቢነቀል በገዛ ባትሪው ፍሬን የሚያስይዝ ማብሪያ አለው። የመኪናውን ሶኬት ንቀሉ፤ የማብሪያውን ገመድ ሳቡ። የተነሳው ጎማ ወዲያው መያዝ አለበት። ቶሎ መልሱት፤ 4 ፍሬን አንድ ላይ 15 አምፔር ያህል ስለሚስብ ባትሪውን ይጨርሳል። ካልያዘ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ከታምቡሩ ጀርባ ያሉትን የሽቦ መገናኛዎች እዩ። አረንጓዴ ዝገት እዚያ ይደበቃል። ገመዱ የሚታሰረው ከመኪናው አካል ጋር ነው። ከመጎተቻው ኳስ ጋር ከታሰረ ኳሱ ሲነቀል አብሮ ይሄዳል።

መንገድ ላይ

የጎማውን ብሎኖች በኮከብ ቅርጽ ተራ፣ በመመሪያው ቶርክ አጥብቁ። በ16፣ በ40 እና በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ደግማችሁ ፈትሹ፤ ቸርኬው ሲቀመጥ ይላላሉ።

20 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ሳታጣድፉ ቁሙና የእጃችሁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል አስጠጉ። ወዲያው አትንኩት፤ ሙቀቱ ከሩቅ ከተሰማችሁ ጭራሽ እጃችሁን አታሳርፉበት። ለብ ያለ ደህና ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይ ኩሽኔታው ጠብቋል፣ ወይ ፍሬኑ ይጎትታል። ቁልቁለት ወርዳችሁ፣ ሦስቱ ሞቀው አንዱ ቀዝቃዛ ሆኖ ካገኛችሁትም አትለፉት። እሱ ፍሬን አልያዘም ማለት ነው፤ ሽቦውን ከዚያ ጎማ ጀምራችሁ ተከተሉ።