«አውቀዋለሁ» ሲባል «ዋስ ትሆነዋለህ?» በሉ፦ የእቁብ ሰው አመራረጥ

20 ሰው በየሳምንቱ 1,000 ብር የሚጥልበት እቁብ እንያዝ። ዕጣው 20,000 ብር ነው። በ3ኛው ሳምንት የደረሰው ሰው የጣለው 3,000 ስለሆነ 17,000 ብር የሌሎች ገንዘብ እጁ ላይ አለ። በ15ኛው የሚደርሰው ቀሪ ዕዳው 5,000 ብቻ ነው። ሥጋቱ ያለው መጀመሪያ በሚወስዱት ላይ ነው።

አዲስ ሰው ሲመጣ ያመጣውን ጠይቁት፦ የት ተዋወቃችሁ? ብር ተበዳድራችሁ ታውቃላችሁ? ቢጠፋ ቤቱን ታሳየናለህ? «ጥሩ ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ» ብሎ፣ «ዋስ ትሆነዋለህ?» ሲባል አንገቱን የሚያክ ሰው መልሱን ሰጥቷል። በይሉኝታ አትለፉት። ከቡና ጓደኛ ይልቅ የሱቅ ጎረቤት ምስክርነት ይሻላል፤ ማን በዱቤ ወስዶ በቀኑ እንደሚከፍል ያውቃል።

ዋስ የሚሆነው ዕጣው ያልደረሰው እቁብተኛ ነው። ባለዕዳው ቢሰወር ከዋሱ ዕጣ ይቆረጣል። እቁቡን የበላ ሰው ዋስ ከሆነ ግን ሁለት ባለዕዳ ተደጋግፈው ቆሙ ማለት ነው። አንድ ሰው ለሁለት ሰው ዋስ አይሁን፤ ባልና ሚስትም ኪሳቸው አንድ ነውና እርስ በርስ ዋስ አይሆኑም። ብዙ የእቁብ ጸሐፊ የሚረሳው አንድ ነገር አለ፦ ዋሱ ራሱ ዕጣ ሲደርሰው፣ ብሩ ከመሰጠቱ በፊት በእሱ ቦታ ሌላ ዋስ መተካት አለበት። ወደ መጨረሻው ዕጣ ያልደረሰው ሰው ሲያልቅ ከውጭ ደመወዝተኛ ወይም ባለሱቅ ይበቃል፤ ዕዳው ትንሽ ነው።

ዋስትናው በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር ፊት ይፈረም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም። «ያለበትን ሁሉ እከፍላለሁ» ሳይሆን «እስከ 17,000 ብር» ተብሎ ይጻፍ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ሐረግ ካልገባ ደግሞ ዋሱ «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ያዙ» ሊል ይችላል።

ዋስ ያጣውን አታባርሩት፤ የመጨረሻውን ዕጣ ይውሰድ። በ20ኛው ሳምንት ዕዳ የለበትም። እንዲያውም እስከዚያ ድረስ 19ኙን ሰው አምኖ የቆየው እሱ ነው።

አንድ ሰው ሳይጥል ከቀረ ዋሱ በዚያው ቀን ይነገረው። ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ብትነግሩት «ያኔ ብትነግሩኝ እይዘው ነበር» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው።