ክስ ስትጽፉ ብሶቱን እቤት ተዉት

አንድ ጊዜ 4 ኩንታል ቡና በዱቤ ሰጥቼ ገንዘቡ ቀረ። ክሱን ራሴ ልጽፍ ተቀመጥኩና አራት ገጽ ሞላሁ። ሰውየው ጎረቤቴ መሆኑን፣ የልጄ ክርስትና ላይ በልቶ ጠጥቶ መርቆን መሄዱን፣ አሁን ስልኬን አላነሳም ማለቱን፣ ሁሉንም። ነገሩን የሚያውቅ ወዳጄ አነበበውና «ታዲያ ዳኛው ምን ያድርግልህ?» አለኝ። ለካ እሱን አልጻፍኩም!

ሥነ ሥርዓቱ የሚመራው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ቁጥር 80 የሚፈልገው አጭር ነገር ነው፦ የሆነው ፍሬ ነገር፣ በተራ ቁጥር ተከፋፍሎ። መቼ ተዋዋላችሁ፣ ምን ሰጣችሁ፣ መቼ ሊከፍል ነበር፣ ስንት ቀረ። ክርስትናው የለበትም።

ከዚያ ዳኝነቱ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስንላችሁ የምትጠይቁት። ፍርድ ቤት ያልጠየቃችሁትን አይሰጥም፤ ዋናውን ገንዘብ ብቻ ጠይቃችሁ ወለዱን ከረሳችሁ፣ በውል ሌላ ካልተባለ በሕግ የሚታሰበው በዓመት 9 በመቶ ነው፣ እሱ በአየር ላይ ቀረ ማለት ነው። ወጪና ኪሳራም እንዲተካላችሁ እዚያው ጻፉ።

የጅማ ሰው ሌላም የሚያስበው አለው። ፍርድ ቤቶቻችን የኦሮሚያ ናቸው፣ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ። በአማርኛ አርቅቃችሁ ማስተርጎም ትችላላችሁ፤ ራፖር ጸሐፊው ዘንድ ሄዳችሁም ቢሆን ግን ከመፈረማችሁ በፊት መልሶ ያንብብላችሁ። እውነት ነው ብላችሁ የምታረጋግጡት እናንተ ናችሁ፣ እሱ አይደለም። ቀንና ብር ላይ የምትገባ አንዲት ስህተት በኋላ ምን ያህል እንደምታስለፋ የደረሰበት ያውቃል። ክስ ማሻሻል ይቻላል (ቁጥር 91)፤ ግን በፈቃድ ነው፣ ቀጠሮም ይበላል።

የምስክሮቻችሁን ስምና አድራሻ፣ የሰነዶቹን ኮፒ ከክሱ ጋር አያይዙ። «በኋላ አመጣለሁ» ብላችሁ አትተማመኑ፣ በኋላ ሲመጣ «ለምን ዘገየ?» የሚል ጥያቄ አለው። ለፍርድ ቤቱ የምትከፍሉት የዳኝነት ገንዘብ የሚሰላው በምትጠይቁት ገንዘብ ልክ ነው፤ አቅም የሌለው በድህነት ለመክሰስ ያመልክት፣ ሕጉ ይፈቅዳል።

አሁን ደግሞ ተከሳሽ ብትሆኑስ? መጥሪያ ደርሷችሁ ዝም አትበሉ። ብትቀሩ ጉዳዩ በሌላችሁበት ይታያል፤ ከተፈረደ በኋላ መዝገቡን ለማስከፈት ማመልከት የሚቻለው ፍርዱን ካወቃችሁ በአንድ ወር ውስጥ ነው፣ ለዚያውም በቂ ምክንያት ኖሯችሁ። መልስ ስትጽፉ ደግሞ «ክሱ ሐሰት ነው» ብሎ በደፈናው መካድ ዋጋ የለውም። እያንዳንዱን አንቀጽ ለይታችሁ ካልካዳችሁ እንዳመናችሁ ይቆጠራል (ቁጥር 83 እና 235)። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ያሳዝናል።

የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ካላችሁ በመጀመሪያው መልስ ላይ ይውጣ፦ ሥልጣን የለውም፣ ከዚህ በፊት ተፈርዷል፣ ይርጋ (ለመክሰስ በሕግ የተወሰነው ጊዜ) አልፎታል። በተለይ ይርጋን ዳኛው በራሱ አያነሳላችሁም። ዕዳው ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው እንኳ «አልፎበታል» ካላላችሁ አላለፈበትም። ከሳሹም ዕዳ ካለበት የተከሳሽ ከሳሽነታችሁን እዚያው አቅርቡ።

ክሱ እየታየ ሰውየው ቤቱን ወይም መኪናውን ሊሸጥ ነው ከተባለ ንብረቱ እንዲከበር (በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያዝ) ወይም እግድ እንዲሰጥ አቤቱታ ይገባል (ከቁጥር 151 ጀምሮ)። አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፍ። «ሊሸጥ ነው ሲሉ ሰማሁ» አይበቃም፤ ማን አስማማ፣ ለማን ሊሸጥ ነው፣ መቼ፣ ያንን ጻፉ። እኔ ስጠይቅ ደላላው ራሱ መጥቶ መሰከረልኝ።