ስክሪን ሪደር ለመምረጥ፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

«የትኛው ስክሪን ሪደር ይሻላል?» ለሚለኝ ሰው አጭሯ መልሴ ይህች ናት። ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ ከሆነ በኤንቪዲኤ ጀምሩ። ነፃ ነው። አልስማማ ካላችሁ አጥፍቶ ወደ ሌላ መሄድ ነው፣ ከኪሳችሁ የወጣ ነገር የለም። ረጅሙ መልስ ግን ኮምፒውተሩን ለምን እንደምትፈልጉት ያያል። ቀኑን ሙሉ አማርኛ ሰነድ የሚያነብ የሕግ ባለሙያና እንግሊዝኛ ኢሜይል ብቻ የሚጻጻፍ ሰው አንድ ዓይነት ነገር አይበቃቸውም።

ለማያውቀው፣ ስክሪን ሪደር ማለት ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ሜኑና በተን በድምፅ የሚያነብ፣ የብሬይል ማሳያ ከተሰካ ደግሞ በጣት እንዲነበብ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ማውስ አያስፈልግም፤ ሁሉም ነገር በኪቦርድ ነው።

መጀመሪያ፣ ምን ያህል ታያላችሁ?

በከፊል የምታዩ ከሆነ ወዲያው ወደ ስክሪን ሪደር አትሩጡ። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና የመደመር ምልክቱን አብራችሁ ስትጫኑ ማጉያው ይከፈታል። መደመሩን በደገማችሁት ቁጥር ይተልቃል፣ በመቀነስ ምልክቱ ያንሳል፣ የዊንዶውስ ቁልፍና ኢስኬፕ ያጠፉታል። ነጭ ገጽ ዓይናችሁን የሚወጋችሁ ከሆነ ማጉያው እንደተከፈተ ኮንትሮል፣ ኦልትና «አይ» ተጫኑ፣ ቀለሙ ይገለበጣል፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በከፊል የሚያዩ ብዙ ሰዎች ስክሪን ሪደር መጠቀምን ሽንፈት ያደርጉታል፣ አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ ለጥፈው ራሳቸውን እስኪያማቸው ያነባሉ። ምን አስገደዳችሁ? አጭር አጭሩን በዓይን፣ ረጅሙን በጆሮ አድርጉት። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ፊውዥን የሚባል የሚሸጥ ፕሮግራም አለ፣ ጆስ የተባለውን ስክሪን ሪደርና ዙምቴክስት የተባለውን ማጉያ ያጣመረ ነው። ግን ዋጋው ቀላል ስላልሆነ መጀመሪያ የዊንዶውስን ማጉያና ኤንቪዲኤን ጎን ለጎን ሞክሩ። ለብዙው ሥራ ይበቃል።

እጃችሁ ላይ ያለው ናሬተር

አዲስ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ የሚያይ ሰው ባይኖር እንኳ ችግር የለም። የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልንና ኢንተርን አንድ ላይ ተጫኑ። ናሬተር ይናገራል። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ስክሪን ሪደር ስለሆነ የምታወርዱት ነገር የለም። ድሮ ናሬተር መቀለጃ ነበር፣ አሁን ተሻሽሏል፣ ኢሜይልና ድረ ገጽ በደንብ ያነባል። ያም ሆኖ እኔ እንደ መሸጋገሪያ ነው የማየው፤ በእሱ ኢንተርኔት ገብታችሁ ኤንቪዲኤን ታወርዳላችሁ። የሰው ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጡም ይጠቅማል።

ኤንቪዲኤ

ሥራውን በ2006 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የጀመረው ማይክል ከረን የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፣ ራሱ ዓይነ ስውር። ኋላ እሱና ጓደኛው ጄምስ ቴህ፣ እሱም ዓይነ ስውር ነው፣ ኤንቪ አክሰስ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሠረቱ። ፕሮግራሙን ማንም በነፃ ያወርዳል። የምትችሉ ገንዘብ ትረዳላችሁ፣ የማትችሉ ምንም አትከፍሉም።

ከሁሉ በላይ የምወድለት ፍላሽ ላይ ተጭኖ መዞሩን ነው። ሜኑው ውስጥ ተንቀሳቃሽ ቅጂ የሚፈጥር አማራጭ አለ። ፍላሹን ኢንተርኔት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ያለ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ፣ ምንም ሳትጭኑ፣ በራሳችሁ ድምፅና በለመዳችሁት ፍጥነት ትሠራላችሁ፣ ጨርሳችሁ ነቅላችሁ መሄድ ነው።

አሮጌ ኮምፒውተር ላላችሁ ማስጠንቀቂያ፦ ዊንዶውስ 7 ላይ አዲሱ ኤንቪዲኤ አይጫንም። ዊንዶውስ 7ን የሚቀበለው የመጨረሻው የ2023.3 ቅጂ ነው። እሱን ፈልጉ፣ ወይም ዊንዶውሱን አሳድጉ።

ሲጫን ካፕስ ሎክን እንደ ኤንቪዲኤ ቁልፍ ልጠቀም ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። የኤንቪዲኤ ቁልፍ ማለት ከሌላ ቁልፍ ጋር ተጭናችሁ ኤንቪዲኤን የምታዙበት ነው፣ ካልቀየራችሁት ኢንሰርት ነው። ላፕቶፕ ከሆነ «አዎ» በሉት። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ኢንሰርት አንድ ጥግ ላይ ተወሽቃለች፣ ጣት ያደክማል።

ጆስ መቼ ያስፈልጋል?

ጆስን ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ዶስ በ1989 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣው ቴድ ሄንተር የሚባል አሜሪካዊ ሞተረኛ ተወዳዳሪ ነበር፣ በመኪና አደጋ ዓይኑን ካጣ በኋላ። ዛሬም ኃይለኛ ነው፣ የመሥሪያ ቤቱን ዓለም የያዘውም እሱ ነው። በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ የድረ ገጽ ተደራሽነት ላይ የሚሠራው ዌብኤይም የስክሪን ሪደር ተጠቃሚዎችን ጠይቆ በሠራው ዳሰሳ ጆስን ዋና መሣሪያዬ ያሉት 40.5 በመቶ፣ ኤንቪዲኤን ያሉት 37.7 በመቶ ናቸው። ተቀራራቢ ነው። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፣ የጆስ የዘለቄታ ፈቃድ አሜሪካ ውስጥ ወደ 1 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ነው።

ታዲያ ማን ይግዛው? መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግድ የሚጠቀምበት የሒሳብ ወይም የደንበኞች መዝገብ ፕሮግራም ያለውና ያ ፕሮግራም በኤንቪዲኤ አልነበብ ያለው ሰው። ጆስ ስክሪፕት የሚባል ነገር አለው፤ ባለሙያ ተቀምጦ ለአንድ ግትር ፕሮግራም ለይቶ ሊያስተካክለው ይችላል። ኤንቪዲኤም አድኦን (ተጨማሪ ማሟያ) አለው፣ ግን ለመሥሪያ ቤት ፕሮግራም የተሠራ ዝግጁ ነገር ብዙ ጊዜ በጆስ በኩል ነው የሚገኘው። እንዲህ ከሆነ ወጪው የእናንተ ብቻ መሆን የለበትም። ኢትዮጵያ ውስጥ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለሥራው ተስማሚ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች ያዛል። ስትጠይቁ አዋጁን በቁጥሩ ጥቀሱ፣ ሰው ወረቀት ሲያይ ይደነግጣል።

ሳትገዙ መሞከርም ይቻላል። ያለ ፈቃድ ሲከፈት ጆስ 40 ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ካላበራችሁ አይቀጥልም። ለዕለት ሥራ ያናድዳል፣ ያ የመሥሪያ ቤት ፕሮግራም ይነበባል ወይስ አይነበብም ለማለት ግን ከበቂ በላይ ነው።

የተሰበረ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተነካካ ጆስ በፍላሽ የሚያድሉ አሉ። አትንኩት። ስክሪን ሪደር የምትጽፉትን ሁሉ፣ የባንክ የይለፍ ቃላችሁንም ጭምር፣ የሚሰማ ፕሮግራም ነው። ማን ምን እንደከተተበት የማይታወቅ ቅጂን እንዲህ ያለ ቦታ ማስቀመጥ የቤት ቁልፍን ለማያውቁት ሰው መስጠት ነው። ያውም ነፃው እያለ!

ማክ ያላችሁ ምርጫ የላችሁም፣ መጥፎ ዕድልም አይደለም፦ ኮማንድና ኤፍ 5 ስትጫኑ ቮይስኦቨር ይነሳል፣ ከ2005 (እንደ ፈረንጅ) ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ነው። ሊነክስ ላይ ኦርካ አለ፣ ነፃ ነው። ለስክሪን ሪደር ብሎ ማክ መግዛት ግን አልመክርም፣ አስተማሪም ጓደኛም የምታገኙት ዊንዶውስ ላይ ነው።

አማርኛውስ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ስክሪን ሪደርና ድምፅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስክሪን ሪደሩ ጽሑፉን ያነሳል፣ የሚናገረው ሌላ ሞተር ነው። ሞተሩ አማርኛ ካላወቀ የዓለም ምርጥ ስክሪን ሪደር ቢሆን ወይ ዝም ይላል ወይ የማይገባ ነገር ያወራል። የጆስ ታዋቂው ድምፅ ኤሎኩዌንስ አማርኛ አያውቅም። ኤንቪዲኤ ግን ኢስፒክ ኤንጂ ከሚባል ሞተር ጋር ነው የሚመጣው፣ እሱ ውስጥ አማርኛ አለ።

ኤንቪዲኤ ሲከፈት ሌላ ሞተር ይዞ ከሆነ የኤንቪዲኤን ቁልፍ፣ ኮንትሮልንና «ኤስ»ን ተጫኑና ኢስፒክን ምረጡ። ቀጥሎ በ«ኤስ» ፋንታ «ቪ» ተጫኑ፣ የድምፅ ቅንብሩ ይከፈታል፣ ከድምፆቹ ዝርዝር አማርኛን ፈልጉ። ጣፋጭ ድምፅ አትጠብቁ። ሮቦት ነው። «ገና» ሲል የበዓሉን ይሁን «ገና ነው» የምንለውን ከጽሑፉ ማወቅ ስለማይችል መጥበቅና መላላቱ ይዛነፍበታል። መጀመሪያ ላይ ትስቃላችሁ፣ ከዚያ ትናደዳላችሁ፣ ከዚያ ጆሮ ይለምዳል። በጥድፊያ አትፍረዱበት።

እንግሊዝኛና አማርኛ የምታፈራርቁ ከሆነ በየጊዜው ቅንብር ውስጥ መግባት ይሰለቻል። ኤንቪዲኤ ፕሮፋይል የሚባል ነገር አለው። የኤንቪዲኤ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና «ፒ» ይከፍቱታል። አንድ ለአማርኛ ፍጠሩ፣ ኢስፒክንና የአማርኛውን ድምፅ እዚያ ላይ አስቀምጡ፣ አቋራጭ ቁልፍ ስጡት። ከዚያ በኋላ መቀያየር የአንድ ቅጽበት ሥራ ነው።

ለረጅም ንባብ ብቻ ደህና ድምፅ ከፈለጋችሁ የማይክሮሶፍት ኤጅ ብራውዘርን ክፈቱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ዩ» ስትጫኑ ገጹን ማንበብ ይጀምራል፣ ድምፆቹ ውስጥ መቅደስና አምሃ የተባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉ። ከኢስፒክ ጋር አይወዳደሩም፣ ሰው ሰው ይላሉ። ኢንተርኔት ግን ይፈልጋሉ፣ ስክሪን ሪደርም አይተኩም፣ ሜኑና በተን አያነቡላችሁም።

ፕሮግራሙ ሳይሆን ፋይሉ ሲበላሽ

ከአንድ መሥሪያ ቤት የዎርድ ደብዳቤ ተላከላችሁ እንበል። የሚያየው ጓደኛችሁ «አማርኛ ነው፣ ጥርት ብሎ ይታያል» ይላችኋል። እናንተ ጋ የሚሰማው ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ጋጋታ ነው። ስክሪን ሪደራችሁ አልተበላሸም። ደብዳቤው የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው፤ ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደንብ ነው። በእነዚያ ፎንቶች ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ ፎንቱ ብቻ የ«ሀ» እና የ«ለ» መልክ ያለብሰዋል። ስክሪን ሪደር መልክ አያይም፣ የሚያነበው ውስጥ ያለውን ኮድ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጥቂት መስመር ቅዱና ኖትፓድ ላይ ለጥፉት፣ በቀስት ቁልፍ ፊደል በፊደል ሂዱ። የላቲን ፊደል ከተናገረ ነገሩ ያው ነው፣ ላኪውን በዩኒኮድ ፎንት እንደገና ጽፎ እንዲልክ ጠይቁት። የአማርኛ መጻፊያዎቹ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ የሆነም ያልሆነም ፎንት ስላላቸው «በፓወር ግዕዝ ነው የጻፍኩት» ቢላችሁ መልስ አይደለም፣ የፎንቱን ስም ጠይቁት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እስከ ዛሬ በድሮው መጻፍ ምክንያት የለውም።

ሌላው ራስ ምታት ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂዎች እንዲህ ናቸው፣ የወረቀት ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደሉም። ስክሪን ሪደሩ «ባዶ ነው» ይላችኋል። ጎግል ድራይቭ ላይ ጫኑትና በጎግል ዶክስ ክፈቱት፣ ፎቶውን ወደ አማርኛ ጽሑፍ ይቀይረዋል። ስህተት አያጣውም፤ በተለይ ቁጥርና ስም ላይ የሚያይ ሰው አንድ ጊዜ ቢያያችሁ ጥሩ ነው፣ የአዋጅ አንቀጽ ቁጥር ተሳስቶ ፍርድ ቤት መቅረብ አያምርም።

ሙከራው

ምርጫችሁን ከመጨረሳችሁ በፊት በራሳችሁ ሥራ ፈትኑት። ኤንቪዲኤ ላይ የዜና ገጽ ክፈቱና «ኤች»ን ደጋግማችሁ ተጫኑ፣ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል። «ኬ» ወደ ሊንክ፣ «ቢ» ወደ በተን፣ «ኢ» ወደ መጻፊያ ሳጥን ይወስዳል። ንግግሩን ለማቆም ኮንትሮልን ብቻ ንኩ። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ግራ ሲገባችሁ የኤንቪዲኤን ቁልፍና 1ን ተጫኑ፣ ከዚያ በኋላ የምትነኩትን ሁሉ ስሙንና ሥራውን ብቻ ይነግራችኋል፣ ምንም ነገር አይበላሽም። መልሳችሁ ስትጫኑት ይጠፋል። ከዚያ የምትጠቀሙበትን ኢሜይል፣ የምትሞሉትን ፎርም፣ የመሥሪያ ቤታችሁን ፕሮግራም አንድ በአንድ ሞክሩ። አንዱ ላይ ከተሰናከለ ያንኑ ብቻ በናሬተር ወይም በጆስ 40 ደቂቃ ፈትሹ። ሁለት ስክሪን ሪደር ጭኖ እንደ ሥራው መቀያየር ነውር አይደለም፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታስነሷቸው እንጂ፣ እርስ በርስ ይጯጯሃሉ።

ብሬይል የምታነቡና ማሳያውን ያገኛችሁ ደግሞ በኤንቪዲኤ የብሬይል ቅንብር ውስጥ የግዕዝ ፊደል ሰንጠረዥ አለ፣ አማርኛውን በጣታችሁ ታነባላችሁ። ሀ ይሁን ሐ፣ ሰ ይሁን ሠ በድምፅ ስለማይለይ ፊደል አጥርቶ ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

የሚያስተምራችሁ ሰው ሩቅ ከሆነ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለ ወንድም ወይም ጓደኛ ቢሆን፣ ከ2025.1 ቅጂ ጀምሮ ኤንቪዲኤ የርቀት ግንኙነት ውስጡ አለው። ሁለታችሁም ኤንቪዲኤ ትከፍታላችሁ፣ ቁልፍ ቃል ትለዋወጣላችሁ፣ እሱ ከዚያ ሆኖ የእናንተን ኮምፒውተር እየሰማ ይነካካል። ቁልፍ ቃሉን ለምታምኑት ሰው ብቻ ስጡ፣ ሲጨርስም ግንኙነቱን ዝጉት።