ክዳኑ «ቀጭ» እንዲል

ሳጥኔን ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ ዋጋ አይጠይቅም። ክዳኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ደግሞ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ያችን «ቀጭ» የምትል ድምፅ ሲሰማ ፈገግ ይላል። «ቁልፉ የታለ?» ይለኛል ከዚያ። ቁልፍ የለውም። እንጨቱ ውስጥ የጣት ጥፍር የምታህል ማግኔት ተቀብራለች።

ወርክሾፔ ጎንደር ነው፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ። የምሠራው በዋንዛና በጽድ ነው። የጌጣጌጥ ሳጥን፣ የቢላ መስቀያ፣ አንዳንዴም ከአንድ ቆዳ ሠሪ ጓደኛዬ ጋር የደብተር ሽፋን እሠራለሁ። ሁሉም ውስጥ ማግኔት አለ። ወጣቶች እየመጡ «ከየት ነው የምታመጣው? በምንድን ነው የምታጣብቀው?» ስለሚሉኝ የማውቀውን እዚህ ላስቀምጥ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ማግኔት ያለበት ሥራ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማግኔቷ አይደለም፣ የአቀማመጡ ነው። ክፍተቱን፣ አቅጣጫውንና ማጣበቂያውን ካስተካከላችሁ ትንሿ ትበቃችኋለች።

ጥቁሯን ማግኔት፣ ከድሮ ስፒከር ጀርባ ያለችውን፣ ሁላችንም እናውቃታለን። ፌራይት ትባላለች። ርካሽ ናት፣ ሙቀት ትችላለች፣ አትዝግም። ፍሪጅ ላይ ለሚለጠፍ የፋሲል ግንብ ምስል ከእሷ ሌላ አያስፈልግም። እዚህ የማወራው ስለ ብርማዋ፣ ስለ ኒዮዲሚየም ነው። ኒዮዲሚየም ብርቅዬ ከሚባሉት ማዕድናት አንዱ ሲሆን ማግኔቷ የምትሠራው እሱን ከብረትና ከቦሮን ጋር በማዋሃድ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ማሳቶ ሳጋዋ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች በየፊናቸው ደረሱባት። ከክብደቷ ሁለት ሦስተኛው ያህል ተራ ብረት ነው። ስለዚህ ትዝጋለች። የሚያብለጨልጨው ላይዋ የኒኬል ቅብ ነው፤ ቅቡ ከተላጠ የእኛ ክረምት አይምራትም።

ስትገዙ ኤን 35፣ ኤን 42፣ ኤን 52 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጉልበቷም ከፍ ይላል። ለሳጥን ኤን 35 ከበቂ በላይ ነው። እኔ የለመድኳት ክብ ናት፣ ስፋቷ 10 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3 ሚሊሜትር። ወፍራም ብረት ላይ በቀጥታ ስትለጠፍ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ትይዛለች። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ሲገኝ አስመጣለሁ።

ከሞተ ሃርድ ዲስክ ማውጣት

ገንዘብ ሳታወጡ መሞከር ከፈለጋችሁ ኮምፒዩተር ጠጋኞች ጋ ሂዱ። መደርደሪያቸው ሥር የተጣለ ሃርድ ዲስክ አይጠፋም። ውስጡ የሰው ፎቶና ሰነድ ሊኖር ስለሚችል ባለቤቱ መፍቀዱን ጠይቁ። ትልቁን፣ የዴስክቶፑን ውሰዱ። የላፕቶፑ ውስጥ ያለው ክብ ሰሌዳ አንዳንዴ ከመስታወት የተሠራ ስለሆነ ሲሰበር ይረጫል።

ብሎኖቹ የኮከብ ጥርስ ያላቸው ናቸው፤ የሞባይል ጠጋኝ ካቻቪቴ ይፈታቸዋል። ሁሉንም ፈትታችሁ ክዳኑ እንቢ ካለ፣ የተለጠፈውን ወረቀት በጣት ዳብሱት። ከሥሩ ጎድጎድ የሚል ቦታ አለ፤ የቀረው ብሎን እዚያ ነው ያለው። ሲከፈት በአንዱ ጥግ ላይ ሁለት ወፍራም የብረት ሳህኖች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ታያላችሁ። ማግኔቶቹ በመካከላቸው ናቸው፣ እንደ ጨረቃ ቁራጭ ጎበጥ ያሉ። ሁለቱን ሳህኖች ስታላቅቁ ጣታችሁን መካከል አታስገቡ። አንዱን ሳህን ወደ ጎን እያንሸራተታችሁ አውጡት እንጂ ወደ ላይ አትታገሉት።

ማግኔቷን ከሳህኑ ለማላቀቅ አትቸኩሉ። ሳህኑ ጉልበቷን ወደ አንድ ፊት ይሰበስብላታል፣ በዚያ ላይ የብሎን ቀዳዳ አለው። መሮና መዶሻ ለመስቀል እንዳለች ግድግዳ ላይ እሰሯት። የግድ ማላቀቅ ካለባችሁ ሳህኑን በሞርሳ ይዛችሁ በፒንሳ ቀስ አድርጋችሁ አጉብጡት፤ ራሷ ትላቀቃለች። የዓይን መነጽር አድርጉ። እነዚህ ማግኔቶች ሲያዩዋቸው ብረት ይመስላሉ እንጂ እንደ ሸክላ ነው የሚሰበሩት። አንድ ነገር ደግሞ እወቁ፦ የሃርድ ዲስክ ማግኔት በአንድ ፊቷ ላይ ሰሜንም ደቡብም ጎን ለጎን አላት። ለክዳን ስትሞክሯት ግማሿ እየሳበ ግማሿ ስለሚገፋ ግራ ትጋባላችሁ። ለሳጥን ክቧ ትሻላለች።

ሳጥኑ

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም እኔም ብዙ እንጨት ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው።

ቀዳዳው መጀመሪያ። ማግኔቷን ለመብሳት በጭራሽ አትሞክሩ፤ ትሰበራለች፣ ዱቄቷም በእሳት ይቀጣጠላል። የሚበሳው እንጨቱ ነው። ባለ 10 ሚሊሜትር ፑንታ ያዙ። ከተገኘ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን የእንጨት ፑንታ ምረጡ። ተራው ፑንታ የቀዳዳውን መጨረሻ ሾጣጣ ያደርገዋል፣ ማግኔቷም ቀጥ ብላ አትቀመጥም። ፑንታው ላይ ከጫፉ ከ3 ሚሊሜትር በጥቂቱ ብቻ በለጥ አድርጋችሁ ፕላስተር ጠምጥሙበት። ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ አቁሙ። ማግኔቷ ከእንጨቱ ላይ እንደ ወረቀት ውፍረት ዝቅ ብላ እንድትቀመጥ ነው የምንፈልገው። ከፍ ካለች ሁለቱ ማግኔቶች በተጋጩ ቁጥር ጠርዛቸው ይሸራረፋል። በጣም ከጠለቀች ደግሞ ክፍተቱ ይበላታል። በዚህች ልክ ባለች ማግኔት 1 ሚሊሜትር ክፍተት ብቻ ግማሽ ያህል ጉልበቷን ይወስዳል። ብዙ ሰው «ማግኔቱ ደካማ ነው» ብሎ ይበልጥ ውድ የሆነውን የሚገዛው በዚች አንድ ሚሊሜትር ምክንያት ነው።

ቀጥሎ አቅጣጫው። በመጀመሪያው ዓመት ለሠርግ ስጦታ 12 ሳጥን ታዘዝኩ። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ሁሉንም አጣበቅኩ። ጠዋት አንዱን ክዳን ስገጥመው ወደ ጎን ሸሸ። ሁለተኛውንም ሞከርኩ፣ ሸሸ። አምስቱ ላይ ማግኔቶቹን ገልብጬ ነበር። ማጣበቂያው ደርቋል፤ እንጨቱን ሳልሰነጥቅ ማውጣት አልቻልኩም። አምስት ክዳን እንደ አዲስ ሠራሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። ማግኔቶቹን ሁሉ እንደ ሳንቲም ደርድሬ አንድ አምድ አደርጋቸዋለሁ። የላይኛዋን ፊት በቀይ ማርከር ነካ አደርግና ወደ ጎን አንሸራትቼ አነሳታለሁ። ከሥሯ ያለችውንም እንደዚያው። አምዱ እስኪያልቅ ሁሉም በአንድ በኩል ቀይ ይሆናሉ። በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ቀዩ ወደ ውጭ፣ ወደ እኔ ያያል። በክዳኑ ላይ ቀዩ ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ የሚታየው ነጩ ነው። ቀይና ነጭ ሲገናኙ ይሳሳባሉ። ማጣበቂያ ከመቀባቴ በፊት ክዳኑን በደረቁ ገጥሜ አንድ ጊዜ እፈትሻለሁ።

ይህን ከለመዳችሁ በኋላ የምወዳትን ዘዴ ሞክሯት። ማጠፊያ በሌለው ክዳን ላይ፣ በግራ በኩል ቀዩን ወደ ውጭ፣ በቀኝ በኩል ቀዩን ወደ ውስጥ አድርጉ፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ። አሁን ክዳኑ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገጥመው። ካዞሩት ይገፋል። የዋንዛው መስመር ከሳጥኑ ጎን ተነስቶ ክዳኑ ላይ እንዲቀጥል ስትፈልጉ፣ ሰው ክዳኑን አዙሮ እንዳይዘጋው ማግኔቷ ራሷ ትጠብቅላችኋለች።

ማጣበቂያው ሦስተኛ። ሱፐር ግሉ ቶሎ ይይዛል፣ ግን ደረቅ ነው። ክዳኑ ሃምሳ ስልሳ ጊዜ ሲጋጭ ይለቃል። እኔ ከሁለት ቱቦ የሚቀላቀለውን ኢፖክሲ ነው የምጠቀመው። የማግኔቷን ጀርባ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ አሸት አድርጉት፤ ቅቡን ለማደብዘዝ እንጂ ለመላጥ አይደለም። በአልኮል ጠረግ አድርጉና ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት። ኢፖክሲውን ከሁለቱም ቱቦ እኩል አውጡ፣ ደህና አድርጋችሁ አማስሉ፣ የቀዳዳውን ግርጌ ቀቡና ማግኔቷን በእንጨት ዘንግ ጫኗት። በካቻቪቴ ከሆነ ተለጥፋበት ተመልሳ ትወጣለች።

አሁን ክዳኑንና ሳጥኑን አራርቃችሁ አስቀምጧቸው። የብረት ጠረጴዛ ላይም አይሁን። ማጣበቂያው እርጥብ እያለ ማግኔቶቹ ከተያዩ አንዷ ሌላዋን ከቀዳዳዋ ጎትታ ታወጣታለች። አንድ ሙሉ ቀን ይደር።

ማግኔት ቆጣቢ መንገድ ከፈለጋችሁ በአንድ በኩል ማግኔት፣ በሌላው በኩል ቁራጭ ላሜራ ቅበሩ። አቅጣጫ አይኖርም፣ ስህተትም አይኖርም። ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ለእስክሪብቶ ሳጥን ግን ይበቃል። ላሜራው የሚሳብ ብረት መሆኑን ብቻ ሞክሩ። አሉሚኒየምና መዳብ አይሳቡም። የማይዝግ የሚባለውም ብረት አንዳንዱ አይሳብም።

ቢላና ቆዳ

ለቢላ መስቀያ ማግኔቶቹን ከእንጨቱ ጀርባ ነው የምቀብራቸው። ፊት ለፊት 2 ሚሊሜትር ያህል እንጨት እተዋለሁ፣ ከማግኔቶቹ ጀርባ ደግሞ አንድ ረጅም ላሜራ አስደግፋለሁ። እዚህ ላይ ከ10 ሚሊሜትሯ ሰፋ ያለች፣ 20 የሆነች ማግኔት ያስፈልጋችኋል። አንጥረኛ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ የሠራው ቢላ ከሁሉም በላይ ጥብቅ ብሎ ይያዛል።

ተጠንቀቁ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ኪሎ ቀጥ ብሎ ለሚሳብ ነገር ነው። ግድግዳ ላይ ያለ ቢላ ግን ወደ ታች ነው የሚንሸራተተው። ለመንሸራተት የሚበቃው ኃይል ከተጻፈው ሩብ እንኳ ላይሆን ይችላል። እኔ ፊቱ ላይ ስስ የቆዳ ጥብጣብ እለጥፍበታለሁ፤ ጉልበቷን ትንሽ ይቀንሰዋል፣ መንሸራተቱን ግን ያቆመዋል። ቢላውን ስትሰቅሉ በጀርባው በኩል አስነኩት፣ ስትወስዱት በጀርባው ላይ አዙራችሁ አላቁት።

ለደብተር ሽፋን ማግኔቷን በሁለት ቆዳ መካከል ከመጨመራችሁ በፊት ሦስቱን ጎን ሰፍታችሁ ጨርሱ። አለበለዚያ መርፌው በየጥልፉ ይነጠቅባችኋል። ኪሱ ውስጥ ጥቁር መስመር ያለው የባንክ ካርድ እንዳይቀመጥ ለገዢው ንገሩት።

አንዲት ትልቅ ደንበኛዬ «ልጄ፣ ከከሰል ምድጃዬ ጎን ተለጥፋ ጉጠቴን የምትይዝ ማግኔት ሥራልኝ» አሉኝ። «እማማ፣ ምድጃው ላይ አይሆንም» አልኳቸው። ተራዋ ኒዮዲሚየም የምትችለው እስከ 80 ዲግሪ ነው። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 100 ሳይደርስ፣ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እሱም ቢሆን ለእሷ ይበዛል። ከዚያ በላይ የጋለች ማግኔት ብትቀዘቅዝም የቀድሞ ጉልበቷ አይመለስም። ከምድጃው ራቅ አድርጌ ግድግዳው ላይ ሠራሁላቸው።

ልጆች ባሉበት ቤት

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ፣ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ወርክሾፑ ውስጥ ስትጫወት ዋለች። ማታ ስቆጥር ሁለት ማግኔት ጎደለኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሕፃን ሁለት ማግኔት ከዋጠ በተለያየ የአንጀት ክፍል ሆነው ይሳሳባሉ፣ በመካከል ያለውን አንጀት ጨፍልቀው ይበሱታል። መጀመሪያ ላይ ሕመም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከተጠረጠረ «እስከ ነገ እንይ» አይባልም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው፣ ማግኔት መሆኑንና ስንት እንደሆነ መናገር ነው። እህቴ ልጅቷን ታቅፋ ለመውጣት ነጠላዋን ስታደርግ እኔ የሃርድ ዲስኩን ማግኔት በፌስታል ጠቅልዬ ወለሉን ጠረግኩበት። ከበሩ ሥር፣ ከብረት ፍርፋሪ ጋር፣ ሁለቱም ተለጥፈው ወጡ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በልባቸው ላይ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያስገቡ ሰዎችም ወርክሾፕ ሲመጡ ማግኔቶቹን አርቃለሁ። ደረት አጠገብ፣ ከ15 ሳንቲሜትር በታች ማስጠጋት የለም።

ማግኔቶቼን አሁን የማስቀምጠው ክዳኑ በሚጠብቅ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነው፣ በየመካከላቸው ቀጭን ኮምፐንሳቶ አድርጌ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ። የክዳኑ ውስጥ ላይ በእርሳስ ቁጥር እጽፋለሁ። ሳወጣ እቆጥራለሁ፣ ስመልስ እቆጥራለሁ። ዛሬ 46 ይላል።