ኢንተርኔት ስትቀይሩ ኢሜይላችሁ አብሮ እንዳይጠፋ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለን ሰዎች የኢንተርኔት ኩባንያ የምንቀይረው ብዙ ጊዜ በዋጋ ምክንያት ነው። የፕሮሞሽኑ ጊዜ ያልቃል፣ ቢሉ ይንራል፣ ከኮክስ ወይም ከኮምካስት ወደ ቬራይዘን ፋዮስ እንሄዳለን፣ አንዳንዴም ተመልሰን እንመጣለን። ራውተር መቀየሩ ቀላል ነው። የሚረሳው ኢሜይሉ ነው። በተለይ ቀደም ብለው የመጡ እናቶችና አባቶች፣ ያኔ ኢንተርኔት ሲገባ አብሮ የተሰጣቸውን አድራሻ እስከ ዛሬ ይዘዋል። ባንኩም፣ ሐኪሙም፣ ኢሚግሬሽኑም በሱ ነው የሚጽፍላቸው።

ይህን ሥራ ለዘመድም ለጎረቤትም ደጋግሜ ሠርቻለሁ። ከሁሉም በፊት የምለው አንድ ነገር ነው፦ አዲሱን ኢንተርኔት አስገቡ፣ አሮጌውን ግን ኢሜይሉን ጨርሳችሁ ሳታወጡ አትዝጉ። ለአንድ ወር ሁለት ቢል መክፈል እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። ክፈሉት።

መጀመሪያ አድራሻው ከዘጋችሁ በኋላ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። እንደ ኩባንያው ይለያያል። ቬራይዘን በ2017 የኢሜይል አገልግሎቱን ሲተው፣ የቬራይዘን አድራሻቸውን ማቆየት የፈለጉ ሰዎች ወደ ኤኦኤል ተዛወሩ። ኮክስ በ2019 አዲስ አድራሻ መስጠት አቆመ፣ በ2024 ደግሞ የነበሩትን ወደ ያሁ አዞረ። ኮምካስት ለብዙ ጊዜ የያዘው ደንብ፣ ከመዝጋታችሁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ኢሜይሉን ከከፈታችሁት አድራሻው ይቆይላችኋል የሚል ነበር። ስለዚህ የየትኛውም ኩባንያ ደንበኛ ብትሆኑ፣ ከመዝጋታችሁ በፊት በዌብሳይቱ ገብታችሁ ክፈቱት። ጥያቄውን በስልክ ሳይሆን በቻት ጠይቁና መልሱን ስክሪንሾት ያዙ። በስልክ «አዎ ይቆያል» ያላችሁን ሠራተኛ ነገ አታገኙትም።

ይቆያል ቢሏችሁም የኔ ምክር ከዚያ አድራሻ ውጡ ነው። ከላይ እንዳያችሁት እነዚህ አድራሻዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ነው የኖሩት።

አዲስ አድራሻ መክፈት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለአብዛኛው ሰው ጂሜይል ይበቃዋል፣ በነጻ 15 ጊጋባይት ይሰጣል። ምግብ ቤት፣ የታክስ ቢሮ ወይም የጉዞ ወኪል ያላችሁ ግን የራሳችሁን ዶሜይን ግዙ፤ ማለትም በኢሜይል አድራሻው ላይ ከ@ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም። በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱም የኢሜይል ድርጅቱም ቢቀየር አድራሻው የእናንተ ነው። ማሳደሱን ብቻ አትርሱ፣ ካለፈ ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል።

አሁን አስቸጋሪው ይመጣል፦ የቆዩትን ደብዳቤዎች ማውጣት።

ብዙ ሰው «ስልኬ ላይ አለ፣ አይጠፋም» ይላል። ይጠፋል። ስልካችሁ ላይ የምታዩት አይማፕ በሚባለው መንገድ የተያያዘ ከሆነ፣ ደብዳቤው ያለው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ስልኩ ያንን የሚያሳይ መስኮት ነው። ሰርቨሩ ላይ ሲዘጋ ከስልኩም ሊጠፋ ይችላል። ፖፕ የሚባለውን መንገድ ደግሞ አልወደውም፤ የሚያመጣው ኢንቦክሱን ብቻ ነው፣ እናንተ የላካችሁት እዚያው ይቀራል።

እኔ የምጠቀመው ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። አሮጌውን ኢሜይል በአይማፕ አስገቡና ሁሉም ወርዶ እስኪያልቅ ጠብቁ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ስለታየው አበቃ ብሎ ኮምፒውተሩን ይዘጋል። አላበቃም። በግራ በኩል ታች «ሎካል ፎልደርስ» የሚል አለ። እዚያ ውስጥ አዲስ ፎልደር ክፈቱ፣ ከዚያ ኢንቦክሱን ሁሉንም መርጣችሁ ወደዚያ ኮፒ አድርጉ። የተላኩትንም ለብቻ እንዲሁ አድርጉ። ሲያልቅ ዋይፋዩን አጥፉና ከሎካል ፎልደሩ አንድ የድሮ ደብዳቤ፣ ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ ያለበትን ክፈቱ። ያለ ኢንተርኔት ከተከፈተ በእርግጥ እጃችሁ ገብቷል። ካልተከፈተ እንደገና ኮፒ አድርጉ።

ደብዳቤዎቹን አዲሱ ጂሜይል ውስጥም ከፈለጋችሁ፣ ጂሜይሉንም ተንደርበርድ ላይ አስገብታችሁ መጎተት ትችላላችሁ። በአንዴ ከጫናችሁት ግን መሀል ላይ ሊቆም ይችላል። በዓመት በዓመት ከፋፍሉት። የስልክና የአድራሻ ዝርዝራችሁንም አብራችሁ አውርዱ።

ቀጥሎ አካውንቶች። ብዙ ድርጅት አድራሻ ስትቀይሩ ማረጋገጫ ኮዱን ወደ አሮጌው ኢሜይል ነው የሚልከው። አሮጌው ከተዘጋ በኋላ ጣጣው ብዙ ነው። አንዲት የማውቃቸው እናት የግሪን ካርድ ጉዳያቸውን የሚከታተሉበት አካውንት ኮዱን ወደተዘጋ ኢሜይል እየላከ፣ ልጆቻቸው ስልክ ሲደውሉ ከረሙ።

ስለዚህ ከኢሚግሬሽንና ከባንክ ጀምሩ። ከዚያ ታክስ፣ የጤና መድን፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የአየር መንገድ ማይል። በኢሜይል ወይም በስልክ ቁጥር ገንዘብ የሚላክበትን ዜልን አትርሱ። የዕቁብ ገንዘብ በኢሜይላችሁ የሚላክላችሁ ከሆነ አዲሱን አድራሻ ባንካችሁ ላይ አስመዝግቡና ለዕቁቡ ሰብሳቢ ንገሩ። በተቻለ መጠን አዲሱን ጨምሩ፣ መሥራቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ ነው አሮጌውን የምታወጡት። የረሳችሁትን ለማግኘት አሮጌው ኢሜይል ውስጥ «ፓስወርድ»፣ «ስቴትመንት»፣ «ሪሲት» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፈልጉ። ብሮውዘሩ ያስቀመጣቸው የፓስወርዶች ዝርዝርም ብዙ ያስታውሳችኋል።

አሮጌው ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ከቻላችሁ ዛሬውኑ አድርጉት። ለአንድ ወር ያህል የሚመጣውን እያያችሁ፣ ማን ገና በአሮጌው እንደሚጽፍ ለይታችሁ ቀይሩ። ለወዳጅ ዘመድ አንድ አጭር መልእክት ይበቃል።

ከዚህ በኋላ መዝጋት ትችላላችሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን እዚያው ኩባንያ ያላችሁን አካውንት ክፈቱና የመገናኛ ኢሜይሉን ወደ አዲሱ ቀይሩ። የመጨረሻው ቢል እነሱው ወደዘጉት አድራሻ ከሄደ አታዩትም፣ ሳይከፈል ሲቆይ ደግሞ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ሊተላለፍ ይችላል። ሞደሙን ስትመልሱም ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ።